ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

የሱዳን ከተማ ኤል ፋሸር ከግንቦት 2016 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከ500 ቀን በላይ ተከባ ሰነበተች። ሕዝቧም የከብት መኖ የሆነውን የለውዝ ፋጉሎ እስኪበላ ድረስ ተራበ። የጸጥታው ምክር ቤት ሰኔ 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 2736 ከበባው እንዲቆም አዘዘ፤ ፈጥኖ ደራሹ ኃይል አልሰማም፤ የሚያሰማውም አልተገኘም።

ያን ሁሉ ጊዜ በየሻይ ቤቱ የነበረው ክርክር ምን ነበር? «ቡርሃን ያሸንፋል ወይስ ሄሜቲ?» የሚል ነበር፤ እንደ ኳስ ጨዋታ! ከተማይቱ ወድቃ፥ በሳዑዲ የወሊድ ሆስፒታል ከ460 በላይ ሕሙማንና አስታማሚዎች መገደላቸው ሲሰማ ግን ሁሉም አልቃሽ ሆነ።

«የሰው አገር ጉዳይ ነው» የሚሉ ጓደኞችም አሉ። ለመሆኑ በመተማና በኩርሙክ በኩል የገቡት ስደተኞች የማን እንግዶች ናቸው?

እኛ የምንለው ይህን ነው፤ በጊዜው ያልፈሰሰ እንባ ለይስሙላ ነው። ለጄኔራሎች ማጨብጨብ ይብቃ! ኅብረታችን ለስደተኞቹ መዋጮ ይክፈት፤ መምህራኖቻችንም ከፊት ይቅደሙ። ነገ ለሚከበበው ከተማም ከበባው በተጀመረበት ዕለት እንጩኽ እንጂ ሬሳው እስኪቆጠር አንጠብቅ!