የባቲ ሰኞ እና የቀትር ዕረፍት

በዚህ ዓምድ ስለ ምግብ፣ ስለ ንጽህናና ስለ በሽታ ብዙ ተብሏል። ዛሬ ግን ሊዝናኑ ወጥተው ታመው ስለሚመለሱ ሰዎች ልናገር። ከነዚህ አንዱ አባቴ ነበሩ፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር።

ባለፈው ዓመት አባቴ የልጅነት ገበያቸውን ባቲን ማየት ፈለጉ። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። የባቲን ሰኞ የማያውቅ ወሎዬ የለም። አፋሩ ግመሉን፣ ፍየሉንና ቅቤውን ይዞ ከታች ይመጣል፤ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ተሸክሞ ከላይ ይወርዳል፤ ሦስት ቋንቋ በአንድ ሜዳ ላይ ይገበያያል። እንግዳ ሁሉ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አይቼ ልጨርስ ይላል፤ እኔም እንዲሁ አልኩ። እህል ተራውን፣ ጨው የሚሸጥበትን፣ የብር ጌጥ የሚሸጡትን አስዞርኳቸው። ግመል ተራ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል።

አባቴ የደም ግፊት አለባቸው። የሚወስዱት ኪኒን ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ነው። ጠዋት ኪኒኑን በአንድ ብርጭቆ ሻይ ውጠው፣ ምግብ እንኳ ሳይቀምሱ ነው የተነሳነው። ሰውነታቸው በሽንትም በላብም ውኃ ሲያጣ እኔ ግመል እያሳየሁ ነበር። «አባዬ፣ ደከመዎት?» ስላቸው «አብሽር፣ ምንም አልሆንኩም» አሉኝ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ነጣና ትከሻዬን ያዙ። ደግፌ በአቅራቢያ ወዳለ መስጂድ ወሰድኳቸው። ጥላው ላይ አስተኝተን እግራቸውን ከፍ አደረግን፤ አንድ የማላውቀው ወንድም ውኃ አመጣ፣ ቀስ እያሉ ጠጡ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተነስተው ዉዱእ አደረጉ፣ አልሐምዱሊላህ። የዚያን ቀን በጣም የወደዱት ነገር ምን እንደሆነ ማታ ስጠይቃቸው፣ ግመሉን ሳይሆን የመስጂዱን በረንዳ ጠቀሱልኝ።

እርስዎም የግፊት፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት አባት ወይም እናት ይዘው የሚሄዱ ከሆነ፣ ከመንገዱ በፊት ስለ ሙቀቱና ስለ መድኃኒቱ ሐኪም ይጠይቁ። መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቋርጡ። ከብት ተራውን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይዩት፤ ፀሐይዋም ገና ናት፣ ገበያውም ያምራል። ቁርስ ሳይበሉ አይነሱ፣ ውኃም ከቤት ይያዙ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለውን ደግሞ ለዕረፍት ይተዉት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙቀቱ ሲበረታ የዙህርን ሰላት ቀዝቀዝ እስኪል እንድናዘገይ ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ለሰላት እንኳ ለሙቀት ሲባል ይህ ከተገራልን፣ ለጉብኝት ምን ያጣድፈናል? የቀትር እንቅልፍም (ቀይሉላ) ሱና ሆኖ ሳለ፣ የስንፍና ምልክት አድርገን የቆጠርነው እኛ ነን።

የደከማቸው ግን ሙቀቱ ብቻ አይመስለኝም። ባቲ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። የጭነት መኪናው ጡሩምባ፣ የሱቁ ሞንታርቦ፣ የደላላው ጩኸት አንድ ላይ ሲሆን ሰው ባያስተውለውም ሰውነቱ ያስተውለዋል፤ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ የደም ሥር ይጠብባል፣ ግፊት ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የመኪና መንገድ ድምፅ በአማካይ ከ53 ዴሲቤል እንዳይበልጥ የመከረው ለዚሁ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቢላልን በሰላት እንዲያሳርፏቸው ይጠይቁ እንደነበር አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በገበያ መካከል ያለ ሰው ይህን ሐዲስ ከማንም በተሻለ ይረዳዋል። (ሞንታርቦውን ከወቀስኩ አይቀር፣ የራሳችንንም ልናገር፦ አዛኑ ይሰማ፤ ለረጅሙ ትምህርት ግን የውስጡ ድምፅ ማጉያ ይበቃል።)

ስለ አፍም ሁለት ነገር። የግመል ወተት ከላም ወተት የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው፣ መልካም ምግብ ነው። ነገር ግን የገበያ ወተት ከብዙ ግመል የተደባለቀ ነው፤ ጥሬውን የጠጣ ሰው ብሩሴሎሲስ ሊይዘው ይችላል። ትኩሳቱ እየሄደ ይመለሳል፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም አለው፣ ብዙዎችም ወባ ነው ብለው ይቆያሉ። ዕቃው በጭስ መታጠኑ ወተቱን ያጣፍጠዋል እንጂ በሽታውን አይገድልም። ያፍሉት። ሁለተኛው ጫት ነው። እንግዳ ሲመጣ «እንቃም» ማለት ደግነት ሆኗል። የሃይማኖቱን ብይን ለዑለሞች ትቼ የጤናውን ልናገር፦ ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፣ ረሃብን ያስረሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ሰላም ፍለጋ መጥቶ እንቅልፉን አጥቶ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል። በምትኩ ምሳ ይብሉ፤ ሐብሐብ ወይም ፓፓያ ካገኙም ይጨምሩ። በ1977 ዓ.ም. በረሃብ ዘመን ባቲ እንደ ኮረም የተራቡ ወገኖች መጠለያ ነበረች። አባቴ በእህል ተራው በኩል ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። እዚያ ምሳ መተው ቀልድ አይደለም።

ለመስጂድ ኮሚቴዎችም አንድ ጥያቄ አለኝ። አባቴ ወንድ ስለሆኑ በረንዳ አገኙ። ከሌሊት ጀምራ ተጉዛ፣ ልጅ አዝላ፣ እህል ተሸክማ የመጣች እናትስ? ለሴቶች የተለየ ቦታ በሌለበት መስጂድ እሷ ዙህርን የምትሰግደው የት ነው? ጎኗንስ የምታሳርፈው የት ነው? አንድ ዳስ፣ ሁለት ሰሌን፣ ክዳን ያለው የውኃ በርሜልና ኩባያ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚቀጥለው ሰኞ ሳይመጣ በጀመዓችሁ ተነጋገሩበት፤ እርስዎም ከዙህር በኋላ ኢማሙን ይጠይቋቸው።