ተማሪዎች የንብን ሥራ በኮምፒውተር እየቀረጹ ኮድ ስለ መማራቸው

አገር የምታስተዳድሩና እርሻ የምታሳርሱ ክቡራን ሆይ፤

ኮድ መጻፍ ማለት ለኮምፒውተር በተራ በተራ ትእዛዝ መስጠት ነው። ይህ ትምህርት ለከተማ ልጅ እንጂ ለገበሬ ልጅ ምን ይረባዋል የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ኑግ በሚዘራበት ወረዳ ያለ ተማሪ የተሻለ መማሪያ በደጁ አለው እላለሁ።

ጤፍ ከራሱ አበባ ዱቄት ስለሚያፈራ ንብ ባትጐበኘውም ፍሬ ይይዛል። ኑግ ግን የራሱን ዱቄት እምብዛም አይቀበልም፤ ከሌላ የኑግ ተክል የመጣ ይፈልጋል፤ ይህንንም ከሁሉ ይልቅ የምታመላልስለት ንብ ናት።

እንግዲህ ተማሪው በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ ኑግ ይዘራል፤ ንብም ያሰማራል። ትእዛዙ አጭር ነው፤ አበባ በአጠገብሽ ካለ ወደ እርሱ ሂጂ፤ ከሌለ ዙረሽ ፈልጊ፤ የያዝሽውን ዱቄት በደረስሽበት አራግፊ። ይህን ብቻ የጻፈ ልጅ እርሻው ያለ ልክ ሲያፈራ ያያል፤ ተክሉ ከራሱ ዱቄት ፍሬ ይይዛልና። ይህን ለማረም ለእያንዳንዱ ተክል ቍጥር መስጠት፤ ዱቄቱም የእናቱን ቍጥር ይዞ እንዲሄድ ማድረግ፤ ቍጥሮቹ ሲለያዩ ብቻ ፍሬ እንዲቈጠር መጻፍ ግድ ይሆንበታል። የኮድን ሕግና የኑግን ጠባይ ባንድነት የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። ከዚያም 100ውን ንብ ወደ 20 አውርዶ ፍሬውን ይቍጠር።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ኔትሎጎ የሚባል ፕሮግራም አለ። ዩሪ ዊለንስኪ የሚባሉ መምህር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ያወጡት ነው፤ ዋጋ አይጠየቅበትም፤ አንድ ጊዜ ከተጫነም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና መልካም ነው፤ ነገር ግን በኢንተርኔት የሚሰጥ ስለ ሆነ መስመር ለሌለው ትምህርት ቤት አይደርስም። ኮምፒውተር እንኳ ባይኖር ልጆቹ ትእዛዙን በወረቀት ጽፈው፤ የባቄላ ፍሬ እንደ ዱቄት ይዘው፤ በግቢው ውስጥ ንብ ይሁኑ።

ሆኖም በገጽ ላይ ያለው እርሻ እርሻ አይደለም፤ ዝናብ አይመታውም። ስለዚህ ኑግ ሲያብብ መምህሩ ልጆቹን ወደ ማሳ አውጥቶ በሩብ ሰዓት ውስጥ ስንት ንብ እንዳረፈች ያስቈጥር፤ ያን ቍጥር በኮዱ ያግቡት። የእርሻ ባለቤቶች፤ እባካችሁ አትከልክሏቸው።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም። አበባ በፈነዳበት ወራት በጠራራ ፀሐይ የተባይ መርዝ የሚረጭ ሰው ንቧንም ከተባዩ ጋር ይገድላል፤ የኑጉም ፍሬ የማሩም ቀፎ ይጐድላል። ይህን በደብዳቤ ስንጽፍ ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ይቀራል። የርጭቱን ቀን የሚወስን ሹም ግን የገዛ ወረዳው ልጆች የሠሩትን የ100ውንና የ20ውን ንብ ምርት አስቀድሞ አስመጥቶ ይመልከት፤ ርጭቱንም ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ወደ ማታ ያድርገው።