ስለ ውዱ የበረዶ ጃኬት ያልተነገረን ግማሽ

በኦስሎ፣ በስቶክሆልም፣ በዴንቨርና በካልጋሪ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ስኪን የሚተዋወቁት በልጆቻቸው በኩል ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ጋር በረዶ ላይ ይወጣል፤ ወላጅም ቆይቶ ይከተላል። ከዚያ ጃኬት ፍለጋ ሱቅ ይገባል። አንዱ 250 ዶላር፣ አጠገቡ የተሰቀለው 800 ዶላር። ሁለቱም ላይ «ውሃ አያስገባም» ተብሎ ተጽፏል። ሻጩ ስለ ውዱ ብዙ ያወራል። የሚያወራውም ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹን ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ቀረው ግማሽ ነው።

መጀመሪያ ገንዘባችን የት እንደሚሄድ እንይ። «ሼል» የሚባለው ጃኬት ውስጡ ማሞቂያ የለውም። ሥራው ውሃና ንፋስ መከላከል ነው፤ ሙቀቱ የሚገኘው ከሥሩ ከሚለበሰው ነው። በጥሩ ሼል ላይ የውጭው ጨርቅ፣ መሐል ያለው ሜምብሬን የሚባል ስስ ሽፋንና የውስጡ ገበር ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ። ሜምብሬኑ የውሃ ጠብታ አያስገባም፤ የላብ እንፋሎት ግን ያስወጣል። ስፌቱ በሙሉ ከውስጥ በቴፕ የታሸገ፣ ኮፍያው ሄልሜት ላይ የሚገባ፣ በብብት ሥር ላብ ማስተንፈሻ ዚፕ ያለው ከሆነ ተጨማሪ ገንዘብ ቢከፈልበት ያስኬዳል። ከዚያ በላይ ያለው ዋጋ ግን በአብዛኛው ለጥቂት ግራም ቅለት፣ ለልኩ ማማርና ደረቱ ላይ ላለው ምልክት የሚከፈል ነው።

ቦታውም ይወስናል። በምዕራብ ኖርዌይ ጠረፍ ወይም በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ተራሮች በረዶው እርጥብ ነው፤ ዝናብም ይቀላቅላል። እዚያ ቀኑን ሙሉ የሚውል ሰው ውዱን ቢገዛ አልፈርድበትም። የኮሎራዶ በረዶ ግን በአብዛኛው ደረቅ ነው፤ ሲያራግፉት ይረግፋል። በዓመት አምስት ቀን እዚያ ለሚወጣ ሰው የመካከለኛ ዋጋ ጃኬት ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካዊው ቦብ ጎር ቴፍሎን የሚባለውን ፕላስቲክ በኃይል ስቦ ሲዘረጋው ጎርቴክስ የተባለው ሜምብሬን መሠረቱን አገኘ። በጃኬቱ ውጭ ላይ የሚቀባው ውሃ አንሸራታች ቅብም ለአሥርት ዓመታት ፒፋስ ከሚባሉት የኬሚካል ቤተሰቦች ነበር። ፒፋስ በተፈጥሮ ውስጥ በቀላሉ ስለማይፈርስ «የዘላለም ኬሚካል» ይሉታል። ከመካከላቸው ቴፍሎን ለማምረት ያገለግል የነበረው ፒፎአ በዌስት ቨርጂኒያ፣ ፓርከርስበርግ አካባቢ ካለው የዱፖንት ፋብሪካ ወጥቶ የነዋሪዎችን የመጠጥ ውሃ በክሏል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዱፖንትና ከእሱ የወጣው ኬሞርስ 3,500 ገደማ ክሶችን ለመዝጋት 670 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ተስማሙ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2023 ፒፎአን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

ስለዚህ ሕግ መጣ። ካሊፎርኒያ ከጥር 2025 ጀምሮ ሆን ተብሎ ፒፋስ የተጨመረበት ልብስ እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ ለከባድ እርጥብ አየር የሚሠሩ ልብሶች ብቻ መለያ ጽሑፍ ተለጥፎባቸው እስከ 2028 ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። ፈረንሳይም ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ በልብስ ላይ ክልከላ አውጥታለች። የጎርቴክስ አምራችም በ2022 ከፒፋስ ነፃ የሆነ አዲስ ሜምብሬን ገበያ ላይ አውሏል። አንዳንድ ስኪ ወዳዶች «ጥሩው ጃኬት ቀረብን» እያሉ ያማርራሉ። እኔ አልስማማም። የእኛ ትከሻ እንዲደርቅ ሌላው ሰው የተበከለ ውሃ መጠጣት የለበትም።

ነገር ግን ኩባንያዎቹ ዋጋውን ሳይቀንሱ አንድ ነገር ዝቅ ባለ ድምፅ አልፈውታል። አዲሱ ቅብ ውሃ ያንሸራትታል፤ ዘይትን ግን እንደ ድሮው አይመልስም። የአንገት ላብ፣ የፀሐይ ክሬም፣ የሊፍት ቅባት ይይዘዋል። ሲቆሽሽ የውጭው ጨርቅ ውሃ ይጠጣል። ያኔ ሜምብሬኑ ደህና ሆኖ ሳለ የላብ እንፋሎት መውጫ ያጣል፤ ሰውየው በራሱ ላብ ይረጥብና «ጃኬቱ አፈሰሰ» ይላል። ከዚያ 800 ዶላር የወጣበት ልብስ ይጣላል፣ ሌላ ይገዛል። ለዚያ ጃኬት የሚያስፈልገው እጥበት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ብዙዎቻችን ደግሞ «ውድ ልብስ በታጠበ ቁጥር ያልቃል» ብለን ነው ያደግነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ይህን ልብስ የሚጎዳው አለመታጠቡ ነው። ዚፑን ዘግቶ፣ ለእንዲህ ዓይነት ልብስ በተሠራ ፈሳሽ ሳሙና፣ ያለ ማለስለሻ ማጠብ፤ መለያው ከፈቀደ በማድረቂያ ማሽን በዝቅተኛ ሙቀት ማድረቅ። ሙቀቱ ቅቡን ያነቃዋል። ከዚያም በኋላ ውሃው ተንከባሎ ካልወረደ በ20 ዶላር አካባቢ የሚገኝ ቅብ መጨመር ይቻላል።

የኔ አቋም ይኸው ነው፦ ክልከላው ትክክል ነው፤ የአጠባበቁን ነገር በትንንሽ ፊደል መለያ ውስጥ መደበቅ ግን ትክክል አይደለም። 800 ዶላር የሚቀበል ነጋዴ «ይህን ጃኬት ቶሎ ቶሎ ማጠብ አለብህ» ብሎ ፊት ለፊት ይናገር። ገዢም ምልክቱን ከማየቱ በፊት ይጠይቅ፦ ፒፋስ አለበት? ስፌቱ በሙሉ ታሽጓል? ዚፑ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? እንዴት ይታጠባል? ለአራቱ ጥያቄዎች ቀጥተኛ መልስ የሌለው ሱቅ ውስጥ 250 ዶላሩም ይበዛል።