መምረጥ ትችላለህ፤ መመረጥ ግን አትችልም!

ግብር ሲሰበሰብ “ነዋሪ” ነው። መዋጮ ሲጠየቅ “ወገን” ነው። ዕጩ ሆኖ ሲቀርብ ግን “መጤ” ይሆናል! ይህ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በ1992ቱ ምርጫ የታየ ሐቅ ነው።

ያኔ ምርጫ ቦርድ “የአካባቢውን ቋንቋ አታውቁም” ብሎ ከአማራ፣ ከኦሮሞና ከሌሎችም የሚወለዱ ዕጩዎችን ከውድድር አገደ። የተመዘዘባቸው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 111/87 አንቀጽ 38 ነበር። ጉዱ ደግሞ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ ነው! በአማርኛ በሚመክር ሸንጎ ለመቀመጥ አማርኛ አይበቃም ማለት ምን ይሉታል?

ሰዎቹ አቤት አሉ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት “የሥራ ቋንቋውን ማወቅ ይበቃል፣ ቦርዱ ተሳስቷል” ያለው መቼ ነው? በመጋቢት 1995፣ ምርጫው ካለፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ለአነስተኛ ብሔረሰቦች ከ20 ያላነሰ የፓርላማ መቀመጫ ያስጠብቃል። ደግ አደረገ! የኮሞው ድምፅ መዋጥ የለበትም። ግን “ባለቤት” ተብሎ ስሙ ያልተጻፈው ዜጋስ? የክልሉ ሕገ መንግሥት አምስት ባለቤቶችን ይዘረዝራል፤ በ1999ኙ ቆጠራ ከአምስት ነዋሪ አንዱ ያህል አማራ ነበር።

በዚህ ላይ “የበለጠ ጠቅልሎ ይውሰድ” የሚለው የምርጫ ሥርዓት ተጨመረበት። ከ100 መራጭ አንዱ ዕጩ 34፣ ሁለቱ 33፣ 33 ቢያገኙ፣ የ66ቱን ድምፅ ውኃ በላው። በ2007 ወከባውና እስሩ እንዳለ ሆኖ፣ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር የጠረጉት በዚሁ ሥርዓት ነው።

ስለዚህ አንደኛ፣ አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 2 ተሻሽሎ፣ የክልሎቹም ሕግ ተከትሎ፣ ወንበር በተመጣጣኝ ውክልና ይከፋፈል፤ ከመቶ 20 ድምፅ ያገኘ ከመቶ 20 ወንበር ይውሰድ። ሁለተኛ፣ የመመረጥ መብትን የሚነካ አቤቱታ፣ የሕገ መንግሥት ትርጉም ያሻዋል ቢባል እንኳ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ይቋጭ።

“ከነባሩ ሕዝብ ሥልጣን ለመንጠቅ ነው” የሚሉ አይጠፉም። ሐሰት! ቤኒሻንጉል ላይ ባለቤት የተባለው ጉሙዝ ቋራ ላይ አናሳ ነው። ሕጉ እዚያ እሱንም ይጠብቀዋል።

መተከል ላይ በ2013 ያየነውን እልቂት የምርጫ ሕግ ብቻውን ባላስቀረው። ሆኖም ጎረቤትን “መጤ” ብሎ ከወንበር የሚያግድ አሠራር፣ ነገ ከቤቱም ላስወጣህ ለሚለው መንገድ ይጠርጋል። ልብ ያለው ልብ ይበል!