ፊልሙ ከስልክ ወደ ማሳ ይውረድ
የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. በአገራችን በቆሎ ላይ ሲከሰት ብዙዎቻችን ከነባሩ ተምች ለይተን አላወቅነውም። ትሉ በግንባሩ ላይ የተገለበጠ የ«ዋይ» ፊደል ቅርጽ፣ በጅራቱ አጠገብ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች እንዳሉት የተማርኩት ሐዋሳ ተቀምጬ ከስልኬ ነው።

«አክሰስ አግሪካልቸር» የተባለው ድረ ገጽ የገበሬ ማሠልጠኛ ፊልሞችን በልዩ ልዩ ቋንቋዎች፣ በአማርኛም ጭምር፣ በነጻ ያቀርባል። ገበሬ በማሳው ላይ ቆሞ ስለሚናገርባቸው እንደ ድራማ ይታያሉ፤ ከእኛ ገለጻ ይልቅ እንደሚስቡ ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ስለዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከተማ ሲመጣ በስልኩ ቀድቶ ወደ ቀበሌው ይመለስ፤ የዳታውን ሂሳብም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይሸፍን። የማዳበሪያ መጠን ግን ከሌላ አገር ፊልም አይወሰድም፤ አፈሩ ይለያያልና፣ በአቅራቢያ ያለውን የምርምር ማዕከል ጠይቁ።