ለአስከሬን የተዘረጋው እጅ ለሕያውም ይዘርጋ

በስደት የሚኖረው ወገናችን አንድ የሚያኮራ ልማድ አለው። በሞት ላይ አይጨክንም። ዋሽንግተን ይሁን ለንደን፣ ፍራንክፈርት ይሁን ሪያድ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ሞተ ሲባል የማያውቀው ሰው ሁሉ ኪሱን ይፈትሻል፤ አስከሬኑ አገሩ እንዲገባ ገንዘብ ያዋጣል፤ ለቅሶ ይቀመጣል። ይህ ይበል የሚያሰኝ ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ሟቹ በሕይወት ሳለ፣ ሌሊት ሌሊት ብቻውን ከጠርሙስ ጋር ሲታገል፣ ማን በሩን አንኳኳ?

በመንግሥት ጋዜጣ አርታኢነት የሠራን ሰዎች አንዲት ሐረግ በደንብ እናውቃለን፤ «ባደረባቸው ሕመም ምክንያት» የምትለዋን። ሕመሙ ምን እንደሆነ አይጻፍም። መጠጥ ከሆነ ቤተሰብ ያውቃል፤ ጎረቤት ያንሾካሹካል፤ ጋዜጣው ዝም ይላል። ያቺ ሐረግ አብራን ተሰድዳለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን የምንተርት ሰዎች ይህን በሽታ ግን አብረን እንደብቃለን።

መደበቂያው ደግሞ እፍረት ነው። አገሩ መምህር ወይም መኮንን የነበረ ሰው እዚህ በሌሊት ፈረቃ መኪና ሲጠብቅ ያድራል። ከእስርና ከግርፋት የተረፈው እንቅልፍ አጥቶ ያድራል። የጥገኝነት ጥያቄው ዓመታት የፈጀበት ልጆቹን በስልክ ያሳድጋል። ከእነዚህ አንዱ መጠጥን የእንቅልፍ መድኃኒት ቢያደርገውና ኋላ መላቀቅ ቢያቅተው፣ የዓለም የጤና ድርጅት በበሽታ መዝገቡ ያሰፈረው ሕመም ነው። እኛ ግን ምን እንለዋለን? «ሰካራም!» በፖለቲካችን መድረክ ተቃዋሚውም ደጋፊውም ክርክር ሲያልቅበት የሚወረውራት ድንጋይ ይህች ናት። ድንጋይዋ የታለመለትን ፖለቲከኛ ላትመታ ትችላለች። ከኋላ ተቀምጦ «ነገ እርዳታ እጠይቃለሁ» ሲል የነበረውን ሰው ግን ሳትስት ትመታዋለች።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በ1935 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ግዛት አክረን ከተማ፣ ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ሰውና ዶክተር ሮበርት ስሚዝ የተባለ ቀዶ ሐኪም ተገናኙ። ሁለቱም በመጠጥ የተጎዱ ነበሩ። ያገኙት ምሥጢር ቀላል ነው፤ ጠጪን ከሁሉ በላይ የሚረዳው እንደሱ የጠጣ ሰው ነው። «አልኮሊክስ አኖኒመስ» የተባለው ማኅበር እንዲህ ተወለደ። ክፍያ የለውም፤ መመዝገቢያም የለውም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ የማቆም ፍላጎት። ብዙውን ጊዜ ሰው በመጀመሪያ ስሙ ብቻ ይጠራል። ማኅበሩ በፖለቲካ ጉዳይ አቋም አይወስድም። በድርጅትና በብሔር ተከፋፍለን አንድ አዳራሽ መግባት ላቃተን ለኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች መርማሪ ተቋም በ2020 እ.ኤ.አ. 27 ጥናቶችን ገምግሞ፣ ይህ መንገድ ከመጠጥ ጨርሶ በመራቅ ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እንደማያንስ፣ ብዙ ጊዜም እንደሚበልጥ አረጋግጧል። ለጠጪው ቤተሰብ ደግሞ ከ1951 ጀምሮ «አል-አኖን» አለ።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይግባ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በራሱ ፈቃድ በአንድ ቀን ማቆም የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የሚጥል መንቀጥቀጥና መቃዠት ሊመጣ ይችላል፤ ሊገድልም ይችላል። አስቀድሞ ሐኪም ይይ። እንግሊዝኛ የማይችል አስተርጓሚ ይጠይቅ። በዋሽንግተን ዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል። በአሜሪካ 1-800-662-4357 ቢደወል ቀንም ሌሊትም በነጻ የሕክምናና የቡድን አድራሻ ይጠቁማሉ።

«ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፤ ወሬው በማግሥቱ ይወጣል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። እንዲህ የሚፈራ ሰው ማንም ወደማያውቀው የፈረንጅ ስብሰባ ይሂድ፤ ባዕድነቱ ለአንድ ጊዜ እንኳ ይጥቀመው። መጠጥ በሕግ በተከለከለበት በሳዑዲና በኩዌት ላለችው እህታችን በኢንተርኔት የሚካሄዱ ስብሰባዎች አሉ። የመጀመሪያው ቡድን ካልተስማማ ሌላ ይሞከር። «ጸበል አለልን» ለሚሉም መልሳችን አጭር ነው፤ ጸበሉም ይቅጠል፣ ጸሎቱም አይቋረጥ፤ ከስብሰባው ጋር የሚጣላ ነገር የለውም።

በአማርኛ ቡድን ለመጀመር ደግሞ ሹመትም በጀትም አያሻም። በማኅበሩ ልማድ፣ ከሌላ ድርጅት ጋር እስካልተቆራኙ ድረስ፣ ለመዳን የተሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቡድን ነን ማለት ይችላሉ። ስለዚህ ዕድሮቻችን፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች፣ የማኅበረሰብ ማዕከሎች፣ በሳምንት አንድ ምሽት አንድ ክፍል ይልቀቁ። መዝገብ አይያዝ፤ ፎቶ አይነሳ፤ ሊቀመንበርም አይመረጥ። ቡናና ወንበር ይበቃል። እኛ የምንጽፍና የምንናገር ሰዎች ደግሞ «ሰካራም» የምትለዋን ስድብ ከክርክራችን እናውጣት።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ለአስከሬኑ የምናዋጣለትን ወንድም፣ በሕይወት ሳለ አንድ ምሽት እናዋጣለት።

ቸር ይግጠመን!