ቋንቋም ይለካል

በተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ አስተሳሰብ አለ፤ ይኸውም ቋንቋን ማጥናት ሰዋስው ከመሸምደድ አያልፍም የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የፊዚክስ መምህር ቢሆንም በዚህ አይስማማም። ሥነ ልሳን መላምት የሚቀርብበት፣ ማስረጃ የሚሰበሰብበትና ልኬት የሚካሄድበት ሳይንስ ነው። ለዚህም የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ቋንቋዎች በቂ ምስክሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ዘርፍ ሥነ ድምፅ ነው። «ከበረ» እና «ቀበረ» የሚለያዩት በመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ነው። «ቀ» ስንል የድምፅ አውታሮች ከታች፣ የምላስ ጀርባ ከላይ ይዘጋሉ፤ ማንቁርትም ከፍ ይላል። በመካከል የታሰረው አየር ይዘቱ ሲያንስ ግፊቱ ይጨምራል፤ ምላስ ሲለቀውም ፈንድቶ ይወጣል። ይህ በትምህርት ቤት የተማርነው የቦይል ሕግ ነው። በጉሙዝኛ ከእነዚህ ሌላ ተቃራኒዎቻቸውም አሉ፤ ማንቁርት ዝቅ ሲል ግፊቱ ይቀንስና አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። የኦሮምኛው «ዸ» የዚሁ ዓይነት ነው።

ሁለተኛው ዘርፍ የድምፅ ሥርዓትን ያጠናል፤ ጥያቄውም «የትኛው የድምፅ ልዩነት ፍቺ ይለያል?» የሚል ነው። በአማርኛ «ገና» ሲላላ «እስካሁን»፣ ሲጠብቅ ደግሞ በዓሉ ይሆናል። በበርታና በጉሙዝ ቋንቋዎች ግን የድምፅ ከፍታና ዝቅታም ቃልን ከቃል ይለያል። ይህ ከፍታ የድምፅ አውታሮች በአንድ ሰከንድ የሚርገበገቡበት ቁጥር ስለሆነ በሄርዝ ይለካል።

ሥነ ምዕላድ የቃላትን አሠራር፣ ለምሳሌ «ሰበረ»፣ «ሰባሪ»፣ «ስብራት» ከአንድ ሥር እንዴት እንደሚወጡ ይመረምራል። አገባብ የዓረፍተ ነገርን መዋቅር፣ ሥነ ፍቺ ትርጉምን ያጠናሉ። ማኅበራዊ ሥነ ልሳን ማን፣ የት፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር ይጠይቃል።

ታሪካዊ ሥነ ልሳን ደግሞ የቋንቋዎችን ዝምድና ይፈልጋል። ሽናሽኛ እንደ አማርኛ ሁሉ ከአፍሮእስያዊ ቤተሰብ ይመደባል። በርታንና ጉሙዝኛን ግን ጆሴፍ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ሥራ ናይሎ ሳህራን ባለው ቤተሰብ ውስጥ መድቧቸዋል። ይህ ምደባ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክርክሩን የሚፈታው የሊቃውንት ዝና ሳይሆን ተጨማሪ ማስረጃ ነው።

ጉዳዩ የምሁራን ጨዋታ ብቻ አይደለም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፍቷል። ለአንድ ቋንቋ የመማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ታዲያ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ በጽሑፍ ላመልክት ወይስ ልተወው ብሎ መወሰን አለበት። ብዙ ቃላት በከፍታ ብቻ የሚለያዩ ከሆነ ምልክቱን መተው አንባቢውን ሕፃን ያደናግራል፤ ጥቂት ከሆኑ ደግሞ ምልክት ማብዛት ሸክም ይሆንበታል። ይህ በግምት የሚወሰን ሳይሆን ተቆጥሮና ተለክቶ የሚታወቅ ነገር ነው።

ለካው ማን ይሁን? በጸሐፊው እምነት ከሁሉ የተሻለው ቋንቋውን ከእናቱ የተማረና ሞገድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ወጣት ነው። መሣሪያውም ውድ አይደለም፤ በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ምሁራን የተሠራው «ፕራት» የተሰኘው የድምፅ መተንተኛ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ስለዚህ የሳይንስ ፋኩልቲዎች ለተማሪዎቻቸው አንድ የሥነ ልሳን መግቢያ ኮርስ ቢሰጡ፣ የፊዚክስ ቤተ ሙከራዎችም ለቋንቋ ተማሪዎች ቢከፈቱ መልካም ነው።

ከአሶሳ ወይም ከመተከል የመጣህ ተማሪ ሆይ፣ አያትህ የምትናገረው ቋንቋ ገና ያልተለካ ብዙ ነገር ይዟል። ሌላው መጥቶ እስኪለካልህ አትጠብቅ።